በአብላጫ ድምፅ የጠፋው ማሽን

ጥፋቴን ልናገርና ልጀምር። እኔም እጄን አውጥቻለሁ።

ነገሩ የሆነው አምና ነው። በምኖርበት አፓርታማ የነዋሪዎች ስብሰባ ተጠራ። መቼም የኛ ሰው ለስብሰባ አይወጣም፤ ገንዘብ የተነሳ እንደሆነ ግን አልጋ የያዘው ሁሉ ይነሳል። የዚያን ቀን አጀንዳ መብራት ነበር። የጋራ ቆጣሪው ሒሳብ ንሯል። የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ ከፍ እንዲል ተወስኖ የለ? ሊቀመንበራችን ጋሼ (ጡረታ የወጡ የሒሳብ ሰው ናቸው) ደረሰኙን ከፍ አድርገው አሳዩንና “እንግዲህ ጎበዝ፣ ወይ መዋጮ እንጨምር ወይ ከምናበራው አንዱን እናጥፋ” አሉ።

“ግድባችን ኃይል እያመነጨ መብራት እንዲህ ይወደድ?” አሉ አንዲት እናት። ሁላችንም እንደመሳቅ አልን። መልስ ግን የሰጠ የለም።

የጋራው ቆጣሪ የሚያበላቸው አራት ናቸው። ሊፍቱ፣ የውሃ ፓምፑ፣ የደረጃው አምፖሎችና “የታችኛው ማሽን”። አንዱ ከመሬት ቤት “ሊፍቱ ይጥፋ” አለ፤ ከስድስተኛ ፎቅ በላይ ያሉት ሊበሉት ደረሱ። “ፓምፑ በፈረቃ ይሁን” ተባለ፤ እዚህ ላይ ሁሉም ተንጫጫ። አምፖሎቹም ቢሆኑ ጠበቃ አላጡም፤ ሌባ አለ፣ ልጆች አሉ። “የታችኛው ማሽንስ?” ሲባል ግን ዝም ዝም ሆነ። ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ የለማ! አንዱ “የሽንት ቤቱ ነው መሰለኝ” አለ። ሴቶቹ ፊታቸውን አዞሩ፤ ወንዶቹም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “እስቲ የሚደግፍ?” ተባለ። እጄን ቀድመው ካወጡት አንዱ እኔ ነበርኩ። ተቃውሞ የለም፣ ድምፀ ተአቅቦም የለም። ከኪሳችን ገንዘብ ሲወጣ ለሊፍትም ለአምፖልም የሚከራከር ሰው አለ፤ ለቆሻሻችን ግን የሚሟገት አንድ እንኳ ጠፋ።

ማሽኑ ጠፋ፤ እኛም ደስ አለን። አንደኛ ፎቅ ያሉት ጎረቤቶቻችን ሌሊቱን ሙሉ “እእእእ” የሚለው ድምፅ ስለቀረላቸው “ተገላገልን” አሉ። በወሩ ደረሰኙ ቀንሶ መጣ፤ ሊቀመንበሩም ተጨበጨበላቸው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሽታው መጣ።

እኛ ሀበሾች ሽታ ሲመጣ የምናደርገው ይታወቃል፤ ዕጣን አጨስን። ከዚያ ከርቤ ተጨመረ። ከዚያ ደግሞ ወደ ጎረቤት ሕንፃ ጣታችንን ቀሰርን፤ “እነዚህ ሰዎች ምን ጉድ ለቀቁብን?” እየተባባልን። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለኛ ነው። ሰውየው መስኮቱን ዘግቶ ቡናውን ይጠጣል፤ ከታች የሚሄደው ነገር የት እንደሚሄድ ግን አይጠይቅም።

የሚሄድበት ግን አለው። ከግቢያችን ጀርባ አንዲት ትንሽ ወንዝ አለች። ወንዟ ዳር እማማ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ያለማሉ። ጠዋት ጠዋት በዘንቢል ይዘው በራችን ላይ ይቀመጣሉ። እኔ ደንበኛቸው ነኝ። “ልጄ፣ ያንተን ለይቼ አስቀምጬልሃለሁ” ይሉኛል። የታችኛው ማሽን እያጣራ ሲለቅቀው የነበረው ውሃ የሚወርደው ወደ እሳቸው መደብ ነው። ማሽኑን ስናጠፋ እኛ የቀነስነው የመብራት ሒሳብ ወደ እሳቸው ወረደ ማለት ነው። ይህንን ግን የዚያን ጊዜ አላሰብኩትም።

ያሳሰበችን አንዲት ልጅ ናት። የጎረቤታችን የእህት ልጅ ናት፤ የተማረችው የውሃና ፍሳሽ ምሕንድስና ነው። ለክርስትና ግብዣ መጥታ ገና ከበሩ ስትገባ አፍንጫዋን ሸብሸብ አደረገችና “ማጣሪያችሁን አጥፍታችሁታል እንዴ?” አለች። በዚያ ሁሉ ዶሮ ወጥና ዕጣን መካከል! አክስቷ በሐፍረት መሬት ልትገባ ደረሰች። እኔ ግን የጋዜጣ ሰው ነኝና ተከትያት ወደ ምድር ቤቱ ወረድኩ።

ገንዳው እንደ ቡና አተላ ጠቁሯል። ልጅቱ ጎንበስ ብላ አየችውና “ገደላችኋቸው፣ ጋሼ” አለችኝ።

“ማንን?”

“ሠራተኞቹን።”

እስቲ እኔ እንደገባኝ ልንገራችሁ። ፍሳሽ የሚያጣራው ማሽኑ አይደለም። የሚያጣሩት ባክቴሪያዎች ናቸው። የኛን ቆሻሻ ይበላሉ፣ ይራባሉ፣ ሲጠግቡ ተጣብቀው ወደ ታች ይዘቅጣሉ፤ የጠራው ውሃ ከላይ ይቀራል። እነዚህ ፍጥረታት ግን እንደኛው ይተነፍሳሉ። በአንድ ገንዳ ውስጥ በሚሊዮንና በቢሊዮን ሆነው ሲበሉ በውሃው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ወዲያው ያልቅባቸዋል። ስለዚህ ከታች አየር ይነፋላቸዋል። ያ “እእእእ” የሚለው ማሽን ሌላ ሥራ የለውም፤ ትንፋሽ ሰጪ ነው። በዚህ ዓይነት ማጣሪያ ውስጥ ከሚቃጠለው ኤሌክትሪክ ግማሹ፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጠው፣ የሚሄደው ለዚህ አየር ነው። እኛ በአብላጫ ድምፅ ያደረግነው እንግዲህ የሚተነፍሰውን ፍጥረት አፍኖ መግደል ነው። አየር ሲጠፋ ሌሎች፣ ያለ አየር የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ቦታውን ይይዛሉ፤ ያንን የበሰበሰ ዕንቁላል ሽታ የሚያመጡት እነሱ ናቸው።

“ታዲያ መብራቱ በዛብን እኮ” አልኳት፣ እንደ መከላከል።

“በዝቶባችሁ ሊሆን ይችላል። ግን ሩጫ ይወዳሉ ጋሼ?”

ምን አገናኘው ብዬ ደነገጥኩ። “እወዳለሁ” አልኩ፤ ማን የማይወድ አለ!

“አዲስ አበባ ላይ አየሩ ስስ ነው። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ለሯጮቻችን ጠቅሟቸዋል፤ ለዚህ ማሽን ግን መከራ ነው። ብዙ ጊዜ ካታሎጉ ላይ የተጻፈው ቁጥር የባሕር ወለል ቁጥር ነው። እዚህ ያንኑ ኦክስጅን ለመስጠት ብዙ አየር መንፋት አለበት። ይህን ሳያሰላ የገዛ ሰው ወይ ያነሰ ማሽን ይገዛል፣ ወይ ደግሞ ፈርቶ ከልክ ያለፈ ይገዛል።”

የኛው ከልክ ያለፈው ነበር። ዝርዝሩን ስትነግረኝ አፈርኩ። ማሽኑ የተገዛው ሕንፃው ሞልቶ ሰው ሲኖርበት ታስቦ ነው፤ ከቤቶቻችን ግማሽ የሚሆኑት ግን ባለቤቶቻቸው ዋሽንግተንና ዱባይ ናቸው፤ በዓመት አንዴ መጥተው አቧራ አራግፈው ይሄዳሉ። ስለዚህ የሚገባው ፍሳሽ የታሰበው ግማሽ ነው። ማሽኑ ግን ይህን አያውቅም፤ ሃያ አራት ሰዓት በሙሉ ኃይሉ ይነፋል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁላችንም ተኝተን ባክቴሪያው የሚበላው አጥቶ ቁጭ ባለበት ሰዓት እንኳ ይነፋል። ከገንዳው ሥር አየሩን ወደ ትንንሽ አረፋ የሚለውጡት ሳህን መሳይ ነገሮች ደግሞ ከተገጠሙ ጀምሮ ታጥበው አያውቁም። ተደፍነዋል። አረፋው ትንሽ ሲሆን ኦክስጅኑ ውሃው ውስጥ ይቀልጣል፤ እንደ ድስት ፈልቶ ቡልቅ ቡልቅ ካለ ግን አብዛኛው አየር ወደ ላይ ወጥቶ ይጠፋል። በገንዘባችን የገዛነውን አየር መልሰን ለአየር እንሰጣለን ማለት ነው። የሚገርመው ደግሞ፣ ለማሽኑ ብቻውን ቆጣሪ አልተገጠመለትም። ስንት እንደሚበላ ማንም አያውቅም። ሳንለካ ፈረድንበት።

ያለማጋነን እነግራችኋለሁ፣ መድኃኒቱ ከዕጣኑ ብዙም አይወድም ነበር። ሳህኖቹ ታጠቡ። ለማሽኑ በየሰዓቱ የሚያበራና የሚያጠፋ ሰዓት ተገጠመለት። አየሩን ለጥቂት ጊዜ ማቋረጥ ራሱ ጥቅም አለው አለችን፤ ባክቴሪያዎቹ አየሩ ሲቋረጥ ፍሳሹ ውስጥ ካለው ናይትሬት ላይ ኦክስጅኑን ወስደው ይተነፍሳሉ፤ ለዚያ መብራት አይከፈልም። ከሌላ ማጣሪያ በቦቴ የመጣ ዝቃጭ እንደ እርሾ ተጨመረበት፤ ሊጥ እንደሚቦካው ቦካ። ጥቂት ሳምንት ታግሰን ሽታው ጠፋ። የማሽኑ ሒሳብም ቀድሞ ይበላል ብለን ከገመትነው ወደ ግማሽ ወረደ። ሊቀመንበራችን ደረሰኙን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

ከዚህ ወዲያ ነው ማሰብ የጀመርኩት። ኃይል መቆጠብ ሲባል የሀብታም አገር ጭንቀት ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን የገባኝ ሌላ ነው። በኛ አገር ማጣሪያ የሚሞተው በእርጅና አይደለም፤ በመብራት ሒሳብ ነው። መብራት የሚቆጥብ ማጣሪያ ይኖራል። የማይቆጥብ ደግሞ ተመርቆ፣ ሪባን ተቆርጦለት፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ከዚያ አንድ ቀን በአንድ ስብሰባ በአብላጫ ድምፅ ይጠፋል። እኛም እጃችንን እናወጣለን።

እስቲ ከምድር ቤታችን ወጥተን ወደ ከተማዋ እንመልከት። አዲስ አበባ እግዜር ለፍሳሽ ብሎ የሠራት ከተማ ትመስላለች (ይቅርታ ይደረግልኝ)። እንጦጦ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ አቃቂ ደግሞ 2,100 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። ወደ አንድ ሺህ ሜትር የሚጠጋ ቁልቁለት! ሜዳ ላይ የተቆረቆሩ ከተሞች ፍሳሻቸውን በፓምፕ ሲገፉ ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላቸዋል፤ የኛ ግን ራሱ ይንደረደራል። ቃሊቲ ማጣሪያው እዚያ መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም። በ1970ዎቹ ሲሠራ የነበረው ኩሬ ነው፤ ፍሳሹ ገብቶ ይተኛል፣ ፀሐይና አልጌ ሥራቸውን ይሠራሉ። ኩሬው በቀን 7,600 ሜትር ኩብ ነበር የሚችለው። ከተማዋ ግን ከዚያ ስንት እጥፍ አደገች። በዓለም ባንክ ብድር የተስፋፋው አዲሱ ማጣሪያ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ የተሠራ ነው።

ይህ አዲሱ ማጣሪያ የሚሠራበትን መንገድ ሳጠና ደስ አለኝ፤ መተቸት ልማዴ ቢሆንም የሚመሰገን ሲኖር አመሰግናለሁ። ፍሳሹ መጀመሪያ አየር በሌለበት ትልቅ ገንዳ ውስጥ ከታች ወደ ላይ ይገባል፤ ያለ አየር የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ይበሉታል። ቀጥሎ በማማ ላይ ከተደረደረ ነገር ላይ እየተንጠባጠበ ይወርዳል፤ አየሩ በራሱ ጊዜ ይገባል። ነፋ የሚል ማሽን የለም። አየር እየተነፋ በሚሠራው በተለመደው መንገድ አንድ ሜትር ኩብ ለማጣራት ከ0.3 እስከ 0.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። በ0.5 እንኳ ብናሰላው ለ100,000 ሜትር ኩብ በየቀኑ 50,000 ኪሎ ዋት ሰዓት ማለት ነው። ያንን ወጪ አብዛኛውን ማስቀረት የተቻለው በትክክለኛ ምርጫ ነው። በስስ ወንፊት የሚያጣሩት “ዘመናዊ” የሚባሉት ደግሞ ከተለመደውም በላይ ይበላሉ። ቦታ ለሌለው ሰው ይጠቅማሉ፤ ውሃውንም መስተዋት ያስመስሉታል። ግን ዘመናዊ የሚለው ቃል ሲያሰክረን የመብራቱን ሒሳብ ማን ይከፍላል ብሎ የሚጠይቅ ይጠፋል።

ሁለተኛው ነገር ጋዙ ነው። ያለ አየር የሚበሉት ባክቴሪያዎች ሲጠግቡ ሚቴን ያወጣሉ። ሚቴን ማለት ባዮጋዝ የምንለው የሚነደው ክፍል ነው፤ አንድ ሜትር ኩቡ ወደ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚሆን ሙቀት አለው። ይዘን ካነደድነው ምድጃም ጄኔሬተርም ያንቀሳቅሳል። ካመለጠ ግን በ100 ዓመት ስሌት አየሩን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 ጊዜ ገደማ የከፋ ነው። ስለዚህ “ባዮጋዝ አለን” ማለት ብቻ አይበቃም፤ ጋዙን የሚይዝ ክዳን፣ ክዳኑን የሚጠግን ሰው፣ ሰውየውን የሚከፍል በጀት ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ቀዝቃዛ መሆኗም አለ፤ እነዚህ ባክቴሪያዎች ሙቀት ይወዳሉና እንደ አዳማ ወይም እንደ ድሬዳዋ አይፈጥኑልንም። ይህንን በሒሳብ ውስጥ ማስገባት እንጂ ከሙቅ አገር የመጣ ወረቀት ላይ ማኅተም ማድረግ አያዋጣም።

“ይሄ ሁሉ ህልም ነው” የሚል አይጠፋም። በካሊፎርኒያ ኦክላንድ የሚገኝ አንድ የፍሳሽ ማጣሪያ የከተማውን የምግብ ቤት ትርፍራፊ ከዝቃጩ ጋር እየጨመረ ጋዙን በማንደድ እ.ኤ.አ. በ2012 ከሚጠቀመው በላይ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ሆኗል። “እሱ አሜሪካ ነው” ካላችሁ ደግሞ እዚሁ አፍሪካችን ውስጥ፣ ናሚቢያ ዊንድሆክ፣ ከእ.ኤ.አ. 1968 ጀምሮ የታከመ ፍሳሽ ዳግም አጣርቶ ለመጠጥ ውሃ ይሰጣል። ከሃምሳ ዓመት በላይ ማለት ነው። ምግብ ቤት የሌለን፣ ትርፍራፊ የማይተርፈን፣ ወይስ ውሃ የተትረፈረፈን ሆነን ነው?

ሦስተኛውና ከሁሉ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ማዳበሪያው ነው። ገበሬያችን ዩሪያ ይላል፤ ማዳበሪያ ሲዘገይ ዩሪያ ዩሪያ እያለ ይውላል። ዩሪያ ግን ምንድነው? ስሙ ራሱ ከሽንት የተወሰደ ነው። መጀመሪያ የተገኘው በሽንት ውስጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1828 ቮለር የሚባል ጀርመናዊ ኬሚስት ሰው ሠራሽ አድርጎ እስኪሠራው ድረስ ሌላ አባት አልነበረውም። ዛሬ ዩሪያ በብዙ ጋዝ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል፤ እኛ ደግሞ ለዓመታት በውጭ ምንዛሪ ገዝተን፣ በመርከብ ጂቡቲ አውርደን፣ በከባድ መኪና አጓጉዘን ለገበሬው ስናደርስ ኖረናል። ከእ.ኤ.አ. 2022 የዩክሬን ጦርነት በኋላ ዋጋው ሰማይ ሲነካ ያየነውን አይተናል።

ጣት አውጥተን እንቁጠር። አንድ ሰው በዓመት ከሰውነቱ ከ2 እስከ 4 ኪሎ ናይትሮጅን ያስወጣል፤ አብዛኛው በሽንቱ ነው። 3 ኪሎ እንበል። በአንድ ሚሊዮን ሰው 3,000 ቶን ናይትሮጅን ይሆናል። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነውና ይህ 65,000 ኩንታል ገደማ ዩሪያ ማለት ነው። ከአንድ ሚሊዮን ሰው ብቻ! ሁሉንም መልሶ መያዝ አይቻልም፤ ግማሹ አየር ላይ ይጠፋል እንበል፣ ከግማሹም ግማሹ ይቅር። የተረፈው ራሱ ለስንት ገበሬ ይበቃል? አሁን ግን ምን እናደርጋለን? አንድ ጊዜ ማዳበሪያውን ለመግዛት በዶላር እንከፍላለን፤ ሁለተኛ እሱኑ ከውሃው ለማስወጣት በመብራት እንከፍላለን፤ ሳናስወጣው ስንቀር ደግሞ ሦስተኛ እንከፍላለን።

ሦስተኛው ክፍያ የት እንዳለ ማየት የሚፈልግ አባ ሳሙኤል ይውረድ። ከአገራችን ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ እዚያ ነው። የከተማችን ወንዞች ተጠራቅመው የሚወርዱት ወደዚያ ሐይቅ ነው፤ ከዚያም ወደ አዋሽ። በሐይቁ ላይ እምቦጭ ይነጠፋል። እምቦጭ ከምን ይወፍራል? ከኛ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ። ለጤፍ የሚሆነውን ለእምቦጭ አበላነው፤ እምቦጩ ደግሞ መብራት የሚሰጠውን ሐይቅ አለበሰው።

እዚህ ላይ ረጋ እንበል። “ቆሻሻ ሀብት ነው” የሚለውን መፈክር ሰምቶ ነገ ከጉድጓዱ እየቀዳ ማሳው ላይ የሚያፈስ እንዳይኖር። የወስፋት ዕንቁላል እንዲህ በቀላሉ አይሞትም። በከተማችን ወንዝ ዳር ካሉ የቆዳና ሌሎች ፋብሪካዎች የሚመጣ ክሮሚየምና መሰል ብረት ደግሞ ጭራሽ አይሞትም፤ ጎመን ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ስለዚህ የፋብሪካው ፍሳሽ ከቤቱ ፍሳሽ ጋር መቀላቀል የለበትም። ዝቃጩ መድረቅ፣ መብላላት፣ መሞቅ አለበት፤ ለማድረቁ ፀሐያችን በነፃ አለች። ለብቻው የተያዘ ሽንት ተዘግቶ ስድስት ወር ያህል ቢቀመጥ ተህዋስያኑ ይሞታሉ። አርባ ምንጭ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2010 ዩኒቨርሲቲው የተሳተፈበት ፕሮጀክት ሽንትን ለይቶ የሚይዝ መጸዳጃ ሠርቶ ሞክሯል። ጥበቡ የለም ማለት አይቻልም እንግዲህ። የሌለው የፕሮጀክቱ ገንዘብ ሲያልቅ የሚቀጥለው ሰው ነው።

ይኸው ነው እንግዲህ ነገሬ። ስለ ፍሳሽ ዐውደ ጥናት ሲዘጋጅ ሄጃለሁ። አዳራሹ ያምራል፤ ባነሩ ላይ “ቆሻሻ ሀብት ነው” ተብሎ ተጽፏል፤ የታሸገ ውሃ በየጠረጴዛው ላይ ተደርድሯል። ጥናት ይቀርባል፣ ሻይ ይጠጣል፣ አበል ይፈረማል። እኔ ግን አንድ ነገር ፈልጌ አጣሁ፤ ማጣሪያ ላይ የሚሠራ ሰው። ቦቲውን አድርጎ፣ ሌሊት አረፋውን አይቶ ባክቴሪያዎቹ መታመማቸውን የሚያውቀው ሰው አልተጠራም። እንዴት ይጠራል? ልጁ ትምህርት ቤት “አባትህ ምን ይሠራል?” ሲባል “መንግሥት መሥሪያ ቤት” ብሎ ያልፋል። ሽማግሌ ሲላክ የልጁ ሥራ “ውሃና ፍሳሽ” ከተባለ “ውሃ” ላይ ይቆማል። የምንጸየፈውን ሰው አናማክርም። ካላማከርነው ማሽኑ ስንት መብራት እንደሚበላ፣ የትኛው ሳህን እንደተደፈነ፣ የትኛው ክዳን ጋዝ እንደሚያፈስ አናውቅም። ነውራችን ሒሳባችንን ሸፈነው።

ለዚህ የሚሆን ታላቅ ዕቅድ የለኝም። ግን ትንሽ ነገር ልለምን። አንድ፣ ማጣሪያ የሚገዛ ሁሉ፣ ሪል እስቴትም ይሁን መንግሥት፣ ከመግዣው ዋጋ ጎን ለሃያ ዓመት የሚበላውን መብራት ይጻፍልን፤ ያውም በአዲስ አበባ ስስ አየር የተሰላ። ሁለት፣ እያንዳንዱ ማጣሪያ የራሱ ቆጣሪ ይኑረው። ሦስት፣ ከፍሳሹ የሚወጣው ጋዝና ዝቃጭ የት እንደሚገባ ከምረቃው በፊት ይታወቅ። አራት፣ ለምረቃ ከሚደገሰው ድግስ ላይ ተቀንሶ ለሚያንቀሳቅሰው ሰው ሥልጠናና ደመወዝ ይሁን። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ?

ወደ ምድር ቤታችን ልመለስና ልጨርስ። ማሽናችን አሁን ይሠራል። ድምፁን ስሰማ እንቅልፍ ይወስደኛል ብላችሁ ታምናላችሁ? ያችን ልጅ ሊቀመንበሩ በስብሰባ አመስግነዋታል፤ ተጨብጭቦላታል። ማሽኑን ያጠፋን ዕለትም ተጨብጭቦ ነበር።

ማሽኑ ጠፍቶ በቆየባቸው ወራት ታዲያ አንድ ጠዋት ከእማማ ጎመን ስገዛ ቀና ብለው “ልጄ፣ ይሄ ውሃ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የከረፋው? አንተ የተማርክ ነህ፣ ጠይቅልኝ እስቲ” ብለውኝ ነበር። “እጠይቃለሁ እማማ” ብዬ ጎመኔን ይዤ ገባሁ። መልሱን በአሁኑ ጊዜ አውቀዋለሁ፤ እጄን ያወጣሁበትን ቀንም አስታውሰዋለሁ።

እስከ ዛሬ ግን አልነገርኳቸውም። ዛሬም ጎመኔን ለይተው ያስቀምጡልኛል።